ፊደሉን ማን ያነበዋል?

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1887 ፓሪስ ውስጥ ይኖር የነበረ አንድ ጡረታ የወጣ የጨርቅ ነጋዴ በድንገት አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አቃተው። የተማረ፣ ሙዚቃም የሚወድ ሰው ነበር። ንግግሩ እንደ ወትሮው ነው፤ የሚሉትን ይሰማል፣ መልስ አያጣም፣ የሰው ፊትና የቤት ዕቃም ይለያል። ችግሩ ከዓይኑ መስሎት ኤድሙንድ ላንዶልት ወደተባለ የዓይን ሐኪም ሄደ። ላንዶልት የፊደል ሰሌዳ ሲያሳየው ፊደሎቹ ወለል ብለው እንደሚታዩት ተናገረ፤ ቅርጻቸውንም እያየ በወረቀት ላይ ገለበጠ። ስማቸውን መጥራት ግን አልቻለም። ‹ኤ›ን የሠዓሊ ሸራ ማቆሚያ፣ ‹ዜድ›ን እባብ፣ ‹ፒ›ን የቀበቶ ዘለበት ይመስላል አለ።

ይበልጥ የሚገርመው መጻፍ መቻሉ ነው። ሐኪሙ ሲያጽፈው ብዕሩን አንስቶ ዓረፍተ ነገሩን ሳያዛንፍ ያሰፍራል፤ ጥቂት ቆይተው የገዛ ጽሑፉን መልሰው ሲሰጡት ግን የማያውቀው አገር ጽሑፍ ይሆንበታል። ቁጥር ያነባል፣ ሒሳብም ይሠራል። የዘወትር ጋዜጣውን ‹ለ ማተን›ን ከመልኩ ያውቀዋል፤ ርእሱን አንብብ ሲሉት ግን ፊደሎቹ እምቢ ይሉታል። አንዲት ዘዴ ብቻ ቀርታው ነበር። ፊደሉን በእጁ እንቅስቃሴ እየተከተለ፣ የሚጽፈው ያህል ዱካውን ሲያስኬድ፣ ስሙ ይመጣለታል። ዓይኑ የነፈገውን እጁ ያስታውሰዋል ማለት ነው።

ላንዶልት ሰውየውን ወደ ነርቭ ሐኪሙ ዡል ዴዠሪን ላከው። በሽተኛው ከዚያ በኋላ ከአራት ዓመት በላይ ኖረ፤ ኖታ ማንበብ ስላቃተው አዳዲስ የኦፔራ ዜማዎችን በጆሮው እየሰማ ያጠና ነበር። በ1892 መጀመሪያ ሌላ የአንጎል ደም ሥር አደጋ ደርሶበት ሞተ፤ ከመሞቱ ጥቂት ቀናት በፊት መጻፍም ጠፍቶት ነበር። ዴዠሪን አንጎሉን ሲመረምር የቆየውን ጉዳት ለብቻው፣ የአዲሱንም ለብቻው አገኘ። የቆየው ጉዳት በግራው ክፍለ አንጎል የኋላ በኩል ነበር። ስለዚህ ሰውየው ከፊቱ በቀኝ ያለውን ነገር ማየት አቁሞ ነበር። በግራ ያለውን ያያል፤ ያ ምስል ግን የሚደርሰው ወደ ቀኙ ክፍለ አንጎል ነው፤ የቋንቋው ቤት ደግሞ በግራ ነው። ሁለቱን ክፍሎች የሚያገናኘው የነርቭ ድልድይ የኋላ ጫፍም አብሮ ተጎድቶ ስለነበር ምስሉ መሻገሪያ አጣ። ፊደሉ ይታያል፣ ቋንቋውም አለ፤ የሚገናኙበት በር ተዘግቷል።

የዚህ ሰው ታሪክ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው በብርቅነቱ ብቻ አይደለም። ማየትና ማንበብ፣ ማንበብና መጻፍ፣ ማንበብና ንግግርን መረዳት እያንዳንዳቸው ተለያይተው ሊጠፉ እንደሚችሉ የመጀመሪያውን ጥርት ያለ ማስረጃ የሰጠው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሥራ ደግሞ ንባብ ከዓይን ወደ አፍ የሚወርድ አንድ ቀጥ ያለ መንገድ እንዳልሆነ አረጋግጧል። በዚህ ምዕራፍ ላሳይ የምፈልገው አንድ እርምጃ አልፎ ይሄዳል። ትርጉም ፊደልን ተከትሎ ብቻ አይመጣም፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞት ይደርሳል። ለዚህ ደግሞ አማርኛን የሚያህል ምስክር ጥቂት ነው።

፠

ጽሕፈት ከተጀመረ 5,000 ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። ለአብዛኛው የሰው ዘር ደግሞ የአያት፣ ቢበዛ የቅድመ አያት ዘመን ነገር ነው። በዚህ ዕድሜ ተፈጥሮ ለንባብ ብላ የአንጎል ክፍል ልታበጅ አትችልም። ሆኖም በ2000 ሎራን ኮሄን፣ ስታኒስላስ ዴሃንና ባልደረቦቻቸው የተጻፈ ቃል ሲታይ ሁልጊዜ የሚነቃ አንድ ትንሽ ስፍራ በግራው ክፍለ አንጎል የታችኛው ገጽ፣ ወደ ኋላ በኩል እንዳለ አሳዩ። ዴሃን ‹የፊደል ሳጥን› ይለዋል። አንባቢው ፈረንሳይኛ ያንብብ፣ ዕብራይስጥ ያንብብ፣ ቻይንኛ ያንብብ፣ ቦታው ብዙም አይለያይም። ከዚህም አልፎ በ2011 በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ከልደታቸው ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆኑ ሰዎች ብሬል በጣታቸው ሲያነቡ ይኸው የ‹ማያ› ስፍራ እንደሚነቃ አገኙ። ብርሃን አይቶ የማያውቅ አንጎል ለፊደል የመረጠው ቦታ ያው የእኛው ነው።

ለምን እዚያ? ዴሃን የሚሰጠው መልስ አሳማኝ ይመስለኛል። መንገድ ዳር ያለ መኖሪያ ቤት ሱቅ ሲደረግ ግድግዳው፣ በሩና መስኮቱ ያው ነው፤ የሚለወጠው አገልግሎቱ ነው። አንጎልም ለንባብ አዲስ ክፍል አልሠራም፤ የነገሮችን ቅርጽ ለመለየት የቆመውን ክፍል ወስዶ አስተማረው። በጦጣ አንጎል በተመሳሳይ አካባቢ የመስመር መጋጠሚያዎችን፣ ማለትም መስቀለኛውን፣ ባላ መሳዩን፣ ማዕዘኑን የሚለዩ የነርቭ ሴሎች አሉ። የዛፍ ቅርንጫፍና የድንጋይ ጠርዝ የሚለየው በእነዚህ ነው። የዓለም ፊደላትም የተሠሩት ከእነዚሁ መጋጠሚያዎች ነው፤ አንጎል ወደ ፊደል ከመምጣቱ በፊት ሰዎች ፊደልን ወደ አንጎል ልክ ሰፍተውታል ማለት ይቻላል። በ2012 ፈረንሳይ ውስጥ ጆናታን ግሬንጀርና ባልደረቦቹ ዝንጀሮዎችን አስተምረው፣ ባለ አራት ፊደል የእንግሊዝኛ ቃላትን ቃል ከሚመስሉ ባዶ የፊደል ድርድሮች እንዲለዩ አድርገዋል። ዝንጀሮዎቹ ከአራቱ ሦስቱን ያህል ይለያሉ። ስለ ትርጉሙ የሚያውቁት ነገር የለም። ፊደልን መለየት ብቻውን የሰው ብልሃት እንዳልሆነ ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

የተበደረ ክፍል ግን የቀድሞ ጠባዩን ይዞ ይመጣል። ነብር ከቀኝ ይምጣ ከግራ ነብር ነው፤ ስለዚህ የቅርጽ መለያው ክፍል ቀኝና ግራ የተገለበጡ ምስሎችን አንድ አድርጎ ማየት ለምዷል። በዱር ይህ ጥበብ ነው፤ በፊደል ገበታ ላይ ግን ጣጣ ነው። ‹ባ› ቀኝ እግሯ ይረዝማል፣ ‹ቦ› ግራ እግሯ፤ አንዷ የሌላዋ የመስታወት ምስል ናት። ‹ሳ›ና ‹ሶ›፣ ‹ሻ›ና ‹ሾ›ም እንዲሁ። ፊደል የሚቆጥር ልጅ ራብዑንና ሳብዑን ሲያምታታ ብዙ ወላጅ ‹አያስተውልም› ብሎ ይቆጣል። ልጁ እያስተዋለ ነው፤ አንጎሉ ለሺህ ዘመናት ትክክል የነበረውን ሕግ እየተከተለ ነው። የላቲን ፊደል የሚማሩ ልጆችም ‹ቢ›ንና ‹ዲ›ን በዚሁ ምክንያት ያምታታሉ። ማንበብ መማር ማለት በከፊል ይህን አሮጌ ሕግ ለፊደል ሲባል ብቻ መሻር ነው፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ለአብዛኛው ልጅም በልምምድ ይለቃል።

ትምህርቱ በልጅነት ካልተጀመረስ? በ2010 ዴሃንና ባልደረቦቹ ከብራዚልና ከፖርቱጋል 63 ጎልማሶችን በኤምአርአይ መረመሩ። ከእነርሱ 22ቱ በልጅነታቸው ሳይማሩ ቀርተው ካደጉ በኋላ ፊደል የቆጠሩ ነበሩ። የፊደል ሳጥኑ በእነርሱም ውስጥ ተከፍቷል፤ የንባብ ችሎታቸው በጨመረ መጠን ስፍራው ለፊደል የሚሰጠው ምላሽ ይጨምራል። በዚያው መጠን ይህ የግራ ስፍራ ለሰው ፊት የሚሰጠው ምላሽ በጥቂቱ ይቀንሳል። በ1971 ዓ.ም. ክረምት የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ከላቦራቶሪ ያለፈ ወሬ ነው። በዚያ ዘመቻ ከእርሻና ከጓዳ ተነሥተው በየጣቢያው ፊደል ፊት የተቀመጡት እናቶችና አባቶች፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 ከሰጠው ሽልማት ይልቅ የሚያስገርም ነገር በራሳቸው ላይ ተሸክመው ወደ ቤት ሄደዋል። የአንጎላቸው አንድ ክፍል ሥራ ቀይሯል።

፠

ስለ ዓይን ብዙ አልልም። መስመሩን ዓይናችን እየተንሸራተተ የሚያነበው ይመስለናል፤ የሚያደርገው ግን መዝለልና ማረፍ ነው። አንዱ ማረፊያ ከአንድ ሰከንድ ሩብ ያህል ይቆያል፤ በዝላዩ መካከል ምንም አናነብም። ጥርት አድርገን የምናየው ክንዳችንን ዘርግተን የአውራ ጣታችንን ስፋት ያህል ብቻ ነው። እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ከዓይኑ ማረፊያ በስተግራ ሦስት አራት ፊደል፣ በስተቀኝ ግን 14 ወይም 15 ፊደል ያህል ይጠቀማል፤ ትኩረቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ያጋድላል። በ1981 በታተመ ጥናት ዕብራይስጥና እንግሊዝኛ የሚያነቡ እስራኤላውያን ሲፈተኑ፣ ይህ ማጋደል ከቋንቋው ጋር አብሮ ሲገለበጥ ታየ። ዕብራይስጥ ሲያነቡ ወደ ግራ፣ እንግሊዝኛ ሲያነቡ ወደ ቀኝ። ጠዋት በዕብራይስጥ ደብዳቤ ተቀብሎ ማታ ዳዊቱን የሚዘረጋ የአዲስ አበባ ወይም የጎንደር ተወላጅ በቴል አቪቭ ቢኖር፣ የትኩረቱን አቅጣጫ በየዕለቱ እንዲህ መገልበጥ ይጠበቅበታል።

ዳዊትን ካነሣን፣ ለዚህ ጉዳይ ከየትኛውም ላቦራቶሪ የማይተናነስ አንድ ነገር በአገራችን አለ፤ እርሱም የቄስ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪው ፊደል ይቆጥራል፣ አቡጊዳን ይለያል፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስን ይይዛል። መጀመሪያ ፊደል በፊደል በቁጥር፣ ከዚያ በግእዝ ንባብ፣ ከዚያ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም በቁም ንባብ እየደጋገመ ያነባል፤ ወደ ዳዊት የሚሻገረውም እንዲህ ነው። በቁም ንባብ የሚያነብ ልጅ ሲሰሙት ምራቁን የዋጠ ሊቅ ይመስላል፤ አንድም ቃል ሳያዳልጠው ይወርዳል። ሆኖም ግእዙን አያውቀውም። ትርጓሜ የሚባለው ትምህርት ገና ዓመታት ይቀረዋል። ከፊደል ወደ ድምፅ የሚወስደው መንገድ ከትርጉም ተለይቶ ብቻውን ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማሳያ አይገኝም። ቁርኣንን በዐረብኛ እየቀሩ ዐረብኛ የማይናገሩ ልጆችም በዚሁ መንገድ ላይ ናቸው።

የመንገዱ ተቃራኒም አለ። በ1973 ጆን ማርሻልና ፍሬዳ ኒውኮምብ የአንጎል ጉዳት የደረሰባቸውን ሰዎች የንባብ ስሕተት አጥንተው ጻፉ። አንዳንዶቹ የተጻፈውን ቃል ትተው የትርጉም ዘመዱን ይናገራሉ፤ በእኛ ቢሆን ‹ሚዳቋ› የሚል ሲያዩ ‹ድኩላ› እንደማለት ነው። ድምፁን ከፊደሉ ማውጣት አልቻሉም፤ ትርጉሙ አካባቢ ግን ደርሰዋል። ከጉዳታቸው በፊት ሁለቱም መንገዶች አብረው ይሠሩ ነበር፤ በጤነኛ አንባቢም ውስጥ እንዲሁ ይሠራሉ፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚደርስ የሚወሰነው በቃሉ መለመድና በጽሕፈቱ ጠባይ ነው። ‹ነው› የሚለውን ቃል ድምፅ በድምፅ የሚያነብ አዋቂ የለም። ‹ኒውኮምብ›ን ግን አሁን እንዲያ አንብባችሁታል።

እዚህ ላይ ነው የጽሕፈታችን ጠባይ የሚነሣው። የግእዝ ፊደል አናባቢውን ከተነባቢው ጋር አዋህዶ ስለሚጽፍ ‹እንደተጻፈ ይነበባል› እንላለን፣ በዚህም እንኮራለን። ኩራቱ ከፊል እውነት ነው። የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ ግን ፊደሉ አይለይም። ‹ገና› ላልቶ ሲነበብ ያልደረሰ ጊዜ ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው። ‹አለ› ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይኖራል። ‹ሰፊ› ሲላላ ልብስ ይሰፋል፣ ሲጠብቅ ጠባብ አይደለም። ‹የዋና አሰልጣኝ› የሚለው ደግሞ አንዱን ወደ መዋኛ ገንዳ፣ ሌላውን ወደ ኳስ ሜዳ ይልከዋል። ስለዚህ በአማርኛ ቃሉን በትክክል ለመጥራት አስቀድሞ ምን ለማለት እንደተፈለገ ማወቅ ያስፈልጋል። ትርጉሙ ከድምፁ መቅደም አለበት። ‹እንደተጻፈ ይነበባል› ከማለት ‹እንደገባን ይነበባል› ብንል ለአማርኛ ይቀርባል።

ሐዲስ ዓለማየሁ በፍቅር እስከ መቃብር ላይ ይህን ክፍተት ለመሙላት ሞክረዋል፤ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አድርገዋል። መጽሐፉ ከታተመበት ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ትውልድ እየተቀባበለ አንብቦታል፤ ነጥቡን ግን የተከተለ ጸሐፊ ጥቂት ነው። ይህን ስንፍና ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ነጥቡ ያልተስፋፋው አንባቢው ስላላስፈለገው ነው እላለሁ፤ አንጎሉ ነጥቡን ራሱ ያስቀምጣል።

የሚያስቀምጠው እንዴት ነው? አንደኛው መንገድ አስቀድሞ ከመጣው ነው። በአማርኛ ማሠሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ግሡ ጋ ስንደርስ ወሬው አብዛኛውን ተነግሯል። ‹በጉ ሣር ይበላል› እና ‹በጉ ለፋሲካ ይበላል› በሚሉት ውስጥ ‹ይበላል› ሲጻፍ አንድ ነው፤ በመጀመሪያው በጉ በልቶ ያድራል፣ በሁለተኛው ተበልቶ። ሣሩን ወይም ፋሲካውን ያየ አንጎል ግሡን ከማየቱ በፊት የትኛውን እንደሚጠብቅ ያውቃል።

ሁለተኛው ወደ ፊት በማየት ነው። ‹ገና ሳይደርስ ደወለልኝ› እና ‹ገና ሳይደርስ በግ ተወደደ› የሚሉት አጀማመራቸው አንድ ነው፤ ‹ገና›ን አላልቶ ወይም አጥብቆ ለማንበብ ሦስተኛውን ቃል ማየት ግድ ነው። ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ይህን የሚያደርገው ዓይኑ ከአፉ ስለሚቀድም ነው። ጋይ በስዌል በ1920 ቺካጎ ውስጥ ባሳተመው ጥናት ጎበዝ አንባቢ ዓይኑ ከድምፁ ምን ያህል እንደሚቀድም ለክቶ ነበር፤ ቀደምነቱ በጥቂት ቃላት የሚቆጠር ነው፣ ደካማ አንባቢ ግን አፉና ዓይኑ አንድ ቃል ላይ ናቸው። በንባብ መካከል መብራት ቢጠፋ ጎበዙ ጥቂት ቃላት ጨምሮ ሊናገር የሚችለው ለዚህ ነው። በሬዲዮ ዜና አንባቢው አንዳንዴ አንድ ቃል አላልቶ ጀምሮ ወዲያው ‹ይቅርታ› ብሎ አጥብቆ ሲደግመው የምንሰማው፣ ዓይኑ ለአንዲት ቅጽበት ቀደምነቱን ስለተነጠቀ ነው።

ወደ ዳዊት ደጋሚው ልጅ እንመለስ። ግእዝም ይጠብቃል ይላላል፤ ልጁ ትርጉሙን ካላወቀ የቱን እንደሚያጠብቅ ማን ነገረው? የኔታ ናቸው። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ የሚባሉት የንባብ ዓይነቶች ከአፍ ወደ ጆሮ የሚተላለፉ ናቸው፤ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው እየሰሙ አንዲት ያለቦታዋ የጠበቀች ፊደል ብትሾልክ ያስቆሙታል። በአማርኛ ትርጉም የሚሠራውን ሥራ በዚያ የመምህሩ ጆሮ ይሠራዋል። መጽሐፉ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ኖሮም አያውቅም።

ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ይህ እርዳታ ትርጉምን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ፊደልን እስከማየት ድረስ ይወርዳል። ጄምስ ካቴል በ1886 ላይፕሲክ ውስጥ ሲሠራ፣ ለቅጽበት ብቻ ከሚታዩ ነገሮች ሰዎች በቃል ውስጥ ያሉ ፊደላትን ከተበታተኑ ፊደላት በበለጠ ብዛት እንደሚይዙ አየ። በ1969 ጄራልድ ራይከር ግምትን በሚከለክል ዘዴ ፈትኖ አጠናከረው፤ አንድ ፊደል ለብቻው ከሚታይ ይልቅ በቃል መካከል ተቀምጦ ሲታይ በተሻለ ይለያል። ነገሩ ለአመክንዮ አስቸጋሪ ነው፤ ቃሉ የሚታወቀው ከፊደሎቹ ከሆነ ፊደሉ ከቃሉ እርዳታ እንዴት ያገኛል? መልሱ የቃሉ ግምት ፊደሎቹ ተጣርተው ሳያልቁ ይነሣል፤ ተመልሶም የሚስማሙትን ፊደሎች ያጠነክራል የሚል ነው። ጄይ ማክሌላንድና ዴቪድ ሩምልሃርት በ1981 ይህን ውጣ ውረድ በኮምፒውተር ሞዴል አሳይተውታል። የማተሚያ ቤት አራሚዎች ደግሞ ያለ ሞዴልም ያውቁታል። የተሳሳተች ፊደል ዓይን ፊት ቆማ የማትታየው፣ አንጎል ትክክለኛውን ቃል ቀድሞ ስለጨረሰው ነው።

አማርኛ አንባቢ በዚህ ረገድ ሆደ ሰፊ ነው። ‹ፀሐይ›ን በሁለቱ ጸ/ፀ እና በስድስቱ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ እያለዋወጥን ብንጽፈው 12 ዓይነት ይሆናል፤ አሥራ ሁለቱንም አንባቢ ሳይቆም ያልፋቸዋል፣ የሚቆመው የቋንቋ መምህር ብቻ ነው። በአንጻሩ የፊደሎች ቅደም ተከተል ሲዛባ የዋህነቱ ያበቃል። በእንግሊዝኛ የመካከል ፊደሎቻቸው የተቀያየሩ ቃላት ያለ ብዙ ችግር እንደሚነበቡ በኢንተርኔት ሲዞር የኖረ ጨዋታ ነው። ሐዳስ ቬላንና ራም ፍሮስት በ2007 ይህንኑ ሁለቱንም ቋንቋ በሚያነቡ ሰዎች ሞከሩት፤ በእንግሊዝኛ ያለፉት በዕብራይስጥ ወደቁ። በሴማዊ ቋንቋ የቃሉ ሥር ጥቂት ተነባቢዎች ናቸውና ቦታ ሲለዋወጡ ሌላ ሥር ይሆናሉ። ዕብራይስጥ ከአማርኛ ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ ነገሩን በራሳችን መሞከር እንችላለን፤ ‹ለበሰ›፣ ‹በሰለ›፣ ‹ሰለበ›። ፊደሎቹ ሦስት ናቸው፤ አንዱ ይሞቀዋል፣ አንዱ ይበላል፣ ሦስተኛው ይቅር። ‹ቀረበ›ን የሚያምታታ አንባቢም ‹ቀበረ› ላይ ይወድቃል። እንዲህ ባለ ቋንቋ የፊደል ሳጥኑ ቅደም ተከተልን እንደ ዓይኑ ብሌን ቢጠብቅ አያስገርምም።

ትርጉም መቼ ይደርሳል የሚለው ጥያቄም የራሱ ሰዓት አለው። በ1980 ማርታ ኩታስና ስቲቨን ሂልያርድ ሳን ዲዬጎ ውስጥ ሰዎች ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ሲያነቡ የአንጎላቸውን የኤሌክትሪክ ምልክት ይመዘግቡ ነበር። ነገሩ ዳቦ ላይ ስለመቀባት ሆኖ መጨረሻው ላይ ቅቤ በመጠበቅ ፈንታ ካልሲ ሲመጣ፣ ቃሉ ከታየ ከ400 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ አንድ ግልጽ ሞገድ ይነሣል። ‹ጀበናውን አንሥታ ቡናውን በየካልሲው ቀዳች› ብላችሁ ስታነቡ አሁን ያደረጋችሁት እርሱን ነው። ይህ ሞገድ የሚነሣው ለማይገጥም ቃል ብቻ አይደለም፤ ማንኛውም ቃል ያስነሣዋል፤ ይበልጥ የተጠበቀ ቃል ዝቅ ያለ፣ ያልተጠበቀው ከፍ ያለ። አንጎል እያንዳንዱን ቃል ሲቀበል ‹ጠብቄህ ነበር› ወይም ‹አልጠበቅሁህም› እያለ ነው፤ ይህም ሁሉ ዓይን ወደሚቀጥለው ማረፊያ ከዘለለ በኋላ ነው የሚጠናቀቀው።

ከዚህ ሁሉ የምወስደው አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። የታችኛ ክፍል ልጆች ንባብ ሲፈተሽ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ልጁ በደቂቃ ስንት ቃል እንዳነበበ ነው። ቁጥሩ ጥቅም አለው፤ ቀርፋፋ ንባብ ትርጉምን ያደክማልና። ሆኖም ቁም ንባብ ያወቀ የዳዊት ተማሪ በዚህ መለኪያ አንደኛ ይወጣል። የተረዳውን ከሸመደደው ለመለየት የሚፈልግ የአማርኛ መምህር ግን የጥያቄ ወረቀት ማባዛት አይጠበቅበትም። ልጁ አይቶት የማያውቀው፣ ማንም ያላስነበበው አጭር አንቀጽ ይስጠው፤ በውስጡ በጉ አንድ ጊዜ ሣር ይበላል፣ አንድ ጊዜ ለፋሲካ ይበላል። ከዚያ ልጁ ጮክ ብሎ ሲያነብ ‹በ› ላይ ሲደርስ ጆሮውን ይስጠው።